የመጨረሻው ዓምድ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
የጥጥ ፋብሪካው ፊሽካ ትንፋሹ ሲመለስ፣
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ገባ፣
ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ፣ እንደ ነጭ አበባ።
እኔ ሆሬስ ቲልተን፣ የኬልብሩክ መዝጋቢ፣
ባንድ ዶላር ደሞዝ የሰው ላብ ሰብሳቢ፣
እርሳሴን በምላሴ አርጥቤ ተቀመጥኩ፣
ሰንጠረዡን ዘርግቼ ስማቸውን ጻፍኩ።

ወርዋሪያችን ዌንደል ክረምፕ ይባላል፤
ከእርሻ የመጣ ነው፣ ክንዱ ቀንበር ያህላል።
ኳሷን በትምባሆ ምራቅ አጥቁሮ ሲወረውር
መቺው የሚያየው ጥላ ነው፣ የሚሰማው ብርር።
አንደኛው ዙር ባዶ። ሁለተኛው ባዶ።
አምስተኛውም ባዶ፤ እንግዳው ቡድን ነዶ
ዱላ ሲረግጥ ዋለ።
ከስድስተኛው በኋላ ሕዝቡ ዝም አለ፤
አንድም ምት አልነበረ፣ ማንም ግን ይህን አፍ አውጥቶ አላለ።
የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ
እንደምትራመድ እናት፣ ሁሉም በቀስታ ሲተነፍስ።

ስምንተኛው ዙር፤ ሁለት ሰው ወጥቷል።
መቺው ግራኝ ነው፣ በዱላው ጫፍ መትቷል፤
ኳሷ ተንከባልላ፣ ሣሩን እየላሰች፣
ወደ ኦኔዚም ላፍላም በቀጥታ ደረሰች።

ላፍላም የኩቤክ ልጅ፣ በብርድ ወራት ፈታይ፣
በሁለተኛውና በሦስተኛው ማዕዘን መሃል ሲታይ
እንደ ድመት ያደፍጣል፣ አይተኛም፤
ጓንቱ በሲባጎ የተሰፋ ነው፣ እግሩ ግን አይታማም።

ጎንበስ አለ። እጁ በልኩ ነበረች፤
ኳሷ ግን አንዳች ነገር ነክታ ዘለለች፣
ትከሻውን ተሻግራ እንደ ፌንጣ ሄደች።
የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን አልጣለም፤
ብብቱ ውስጥ ገና የገባ ነገር የለም።

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ፊት
ከሜዳው ተነቅሎ ዞረ ወደ እኔ ፊት።

ምት ነው ካልኩ የክረምፕ ንጹሕ ቀን ይፈርሳል፣
ስህተት ነው ካልኩ ደግሞ ላፍላም ይከሰሳል።
ሕጉ «በተለመደ ጥረት የሚያዝ» ይላል፤
የተለመደ ጥረት በስንት ክንድ ይለካል?

የቡድኑ ባለቤት ከኋላዬ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።
ጉሮሮ መጥረግ ብቻ፤ ሌላ ምን አደረገ?
እርሳሴ ግን ገባው፣ ከእኔ ቀድሞ ዐወቀ፤
በመጨረሻው ዓምድ አንድ ቋሚ መስመር ወደቀ።

በዘጠነኛው ዙር የመጨረሻዋን ኳስ ማን ያዛት?
እሱው፤ በደረቱ ወድቆ፣ ከአፈር ጋር አንስቶ ወረወራት።
ባርኔጣ ሰማይ ሞላ፣ ክረምፕን በትከሻ ተሸከሙት፤
እኔ የላፍላምን ሦስት ቁጥር ሰርዤ አራት አልኩት።

ሰኞ ጋዜጣው ወጣ።
ኬልብሩክ አንድ፣ እንግዳው ባዶ።
ክረምፕ ላይ የተመታ ምት፦ ባዶ።
ላፍላም፦ ሦስቴ ዱላ ያዘ፣ ነጥብ ባዶ፣ ምት ባዶ፣
ሁለት አስወጣ፣ አራት አቀበለ፣ ስህተት አንድ።
ጨዋታው የፈጀው አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሰባት።

ማታ መብራት ስለኩስ ላፍላም በሬ ላይ ቆመ፤
ባርኔጣውን ጨብጦ ሰላም አለ፣ ደገመ።
መዳፉን ዘረጋ፦ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር፣
ከዚያችው ቦታ የለቀማት፣ ላቡ ያራሳት፣ ከሣሩ ሥር።
«ሚስተር ቲልተን» አለኝ፣ ባልለመደ አንደበት፣
«ይቺን የት ጻፏት?»

ዓምዶቹን አሳየሁት፤ ስድስት ናቸው፤ ራሱም ቆጠረ፤
ጠጠሯን ጠረጴዛው ላይ ትቶ መንገዱን ተሻገረ።

በመስከረም አሰናበቱት፤ አርባ አንድ ስህተት በዛ ተባለ።
አርባው የራሱ ነው፣ አልክድም፤ እጁ አንዳንዴ ይቸኩል ነበር።
አንዷ ግን የእኔ ናት፣ በስሙ ሥር ተቀብራ የምትኖር።

ክረምፕ በየመጠጥ ቤቱ በመስታወት ተሰቅሏል።
እኔ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔ ሦስትን ከስምንት አይለይም፣ ይደባለቃል።
ጠጠሯ ግን አለች፣ መዝገቡ ላይ ተቀምጣ፤
መስኮት ስከፍት ያንን ገጽ ንፋስ እንዳይገልጠው፣
ይዛልኛለች፤
ወይም ይዛብኛለች።